የዓመቱ የመጀመሪያ እግር

ስትሮምነስ፣ ኦርክኒ ደሴት
ኖቬምበር 11 ቀን 2014

ለእህቴ ልጅ ለኢሽቤል፣

«እንደምን ከረምሽ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ጥያቄው ስድብ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ሰላምታዬን በሙሉ ለልጅሽ ለኤፊ ልኬያለሁ። ያንቺ ድርሻ እሷ ዘንድ ይቆይሽ፤ ደህና የሆንሽ ዕለት ትወስጂዋለሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ጨርሶ ሥራ ለቋል። ዕድሜ ልኬን የጀልባ ሞተር ስጠግን ኖሬ፣ ዛሬ ሞተሩን አንገቴ ላይ ቢያንጠለጥሉልኝ አልሰማም። ሰው በር ሲያንኳኳ የምትነግረኝ ድመቷ ናት። ስለዚህ ስልክ ባለመደወልሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ብትደውዪ ኖሮ «ምን? ምን አልሽ?» እያልኩ ስጮህ ሁለት ደሴት ሙሉ ሕዝብ ጉድሽን ይሰማልሽ ነበር። አንቺም ብትሆኚ ስልክ ሲጮህ አበዳሪዎቹ እየመሰሉሽ እንደማታነሺው ጽፈሽልኛል። እንግዲህ በደብዳቤ ይሁን።

«ለእናቴ እንዳትነግራት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈሽዋል። አንዱን በደብዳቤው መሐል፣ አንዱን አስምረሽበት፣ ሦስተኛውን ግን ፖስታው ጀርባ ላይ! የኛን ፖስተኛ አታውቂውም። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጠቀሰኝና አለፈ።

አሁን ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው፤ ከሳትኩ አርሚኝ። ዳቦ ቤትሽ ከሰረ። ዕዳው ካቅምሽ በላይ ሆነ። ሸሽተሽ አልጠፋሽም፤ ባለፈው ዓመት ባለአደራው ሚስተር ሙንሮ ፊት ተቀምጠሽ ስምምነት ፈረምሽ። ለአራት ዓመት በየወሩ የምትችዪውን ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ለአበዳሪዎችሽ ያከፋፍላል፣ በመጨረሻ የተረፈው ይሰረዛል። እስካሁን አንድም ወር አላጎደልሽም። እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍር ነገር አላየሁበትም። የሚያሳፍረው ይህን ያህል ጊዜ አጎትሽን ዝም ማለትሽ ነው፤ እሱን ስንገናኝ በኩርኩም እንተሳሰባለን።

አሁን ግን የተከራየሽው ቤት ሊሸጥ ነው፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ልቀቂ ተብለሻል። ደላሎቹ ዘንድ ስትሄጂ ስምሽን ኮምፒውተር ውስጥ ይከቱታል፤ ስምሽም ለሁሉ ክፍት ከሆነው የባለዕዳ መዝገብ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ «እንደውልልሻለን» ብለው ይሸኙሻል።

«ብደብቀውስ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ፣ የኔ ልጅ፣ ስለ ዓሣ ክብደት ዋሽቻለሁ፤ ስለ ዕድሜዬ ዋሽቻለሁ፤ የሻይ ማፍያውን ማን እንደሰበረው ነፍሷን ይማርና ለአክስትሽ ለጄሲ እስክትሞት ዋሽቻለሁ። ቤት ላይ ግን አይዋሽም፤ ምክንያቱም ውሸቱ ላይ ነው የምትተኚው። በሩን የሚከፍትልሽን ሰው ቆመሽ ንገሪው፤ ሳትቀመጪ፣ ሻይ ሳይቀዳልሽ። ሻይ ከተቀዳ በኋላ የሚነገር መጥፎ ወሬ ማታለል ይመስላል።

ዋስ ከፈለጉ እኔ አለሁ በያቸው። ዳቦ ቤቱን የከፈትሽ ዕለት የተነሳሽው ፎቶ ከምድጃዬ በላይ ተሰቅሏል። ያንን ቀይ ፀጉርሽን በቀለም አጥቁረሽ፣ የኔን የጉርምስና ጥቁር ራስ መስለሽ። እንዲህ ያለ ራስ ያለው ሰው ሜዳ ላይ አይወድቅም።

ማልቀስሽን ወይም አለማልቀስሽን ጻፊልኝ። እውነቱን።

አጎትሽ ዋቲ

አርብሮዝ
ኖቬምበር 20 ቀን 2014

ውድ አጎቴ ዋቲ፣

ሰላምታዬን ከኤፊ ላይ ልወስድ ብሞክር «ደህና ስትሆኚ ነው የተባለው» ብላ ከለከለችኝ። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ያነበብኩላት ጥፋቱ የኔ ነው።

ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ። ሰው ሲከስር መጀመሪያ የሚያፍረው ከሚወዱት ሰዎች ነው፤ ከደላላ ጋር እንኳ ይቀለኛል። ስለ ማልቀሱ ጠይቀኸኛል፤ አለቅሳለሁ፣ ግን ዕቃ ሳጥብ ብቻ። እጄ እርጥብ ሆኖ እንባ ለመጥረግ ስለማይመች ቶሎ ያልፋል።

ዋስነትህን ነገርኳቸው። ደላላው ልጅ እግር ነው። የጡረታህን ልክ ሲሰማ ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ሰው ለአሮጌ ውሻ የሚያሳየው ዓይነት ነው። ሌላው ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ካመጣሁ መዝገቡን እንዳላየ እንደሚያልፈው ነገረኝ። የስድስት ወር ኪራይ በእጄ ቢኖር ሚስተር ሙንሮን ምን አስተዋወቀኝ!

ሚስተር ሙንሮ ደግ ሰው ነው። «ቤት መከራየት የሚከለክልሽ ነገር የለም፤ ኪራይሽ በበጀትሽ ውስጥ አለ፤ አዲሱን አድራሻ ብቻ አሳውቂኝ» አለኝ። በየወሩ ሳላጎድል እንደምከፍል የሚመሰክር ወረቀትም ፈርሞ ሰጠኝ። እሱን ይዤ ነው የምዞረው። ግን ወረቀቱን የሚያየው የለም፤ ሁሉም ኮምፒውተሩን ነው የሚያየው።

ማዘጋጃ ቤቱ እስከ ቀነ ገደቡ ቤት ካላገኘሁ ጊዜያዊ ማረፊያ እንደሚሰጠን ነግሮኛል፤ ግን እዚህ ሳይሆን ሌላ ከተማ። ኤፊ ትምህርት ቤቷን ልትለቅ ነው ማለት ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘቻት ጓደኛዋ እዚህ ናት። ትናንት አሻንጉሊቶቿን በካርቶን ስትደረድር አገኘኋት። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «እያለማመድኳቸው ነው» አለችኝ።

በልክ እንድትስቅብኝ እፈቅድልሃለሁ። ከሳቅክ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ ፈልግልኝ።

ኢሽቤል

ስትሮምነስ
ዲሴምበር 19 ቀን 2014

ለኢሽቤል፣ እና አሻንጉሊት ለምታለማምደው ለኤፊ፣

አልሳቅኩም። ደላላው አሮጌ ውሻ ሲያደርገኝ ብቻ ትንሽ ሳቅኩ፤ ድመቷ ግን ተቀይማዋለች።

ሐሳብ አገኘሁ። ዘገየሁ፤ ደብዳቤ ሦስት ቦታ ልኬ መልስ ስጠብቅ ነበር። እዚያው አርብሮዝ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሚና ፒትሪ የምትባል ባልቴት አለች። ቤቷ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ታች እሷ ትኖራለች፣ ላይኛውን ታከራያለች። የመጨረሻዎቹ ተከራዮች በደላላ የመጡ፣ ወረቀታቸው ያማረ፣ ጫማቸው ያብረቀረቀ ነበሩ፤ ኪራዩን ሳይከፍሉ መጋረጃዋን ጭምር ይዘው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ደላላ በደጇ አያልፍም። ቤቱ ባዶውን ነው፤ ዝምታው ደግሞ እንደሚያስጠላት ሰው ነግሮኛል።

እኔና ሚና እንተዋወቃለን። እሷ ልጃገረድ ሳለች እኔ እዚያ ወደብ የሞተር ሥራ ተለማማጅ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

እንዲህ አድርጊ። ጃንዋሪ አንድ ቀን ሂጂ። አዎ፣ በበዓሉ ቀን። ያን ዕለት ክፉ ሰው እንኳ ኬክ ጎርሶ ይለሰልሳል። ግን ከሰዓት በኋላ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ! አስምሬበታለሁ፣ እያየሽ ነው? አንቺን ስለማውቅ ነው፤ ሲጨንቅሽ ከዶሮ ቀድመሽ ነው የምትነሺው።

ሚና ብትሰድብሽ አትደንግጪ። የወደደችውን ሰው ትሰድባለች። የማትፈልገውን ነው በጨዋ ቃል የምታሰናብተው።

ስለ ዕዳሽ ምንም አልጻፍኩላትም፤ እሱ ያንቺ ወሬ ነው። ቆመሽ ንገሪያት፤ ሻይ ሳይቀዳ።

በዓሉን ካልሲሽን አድርገሽ አክብሪ፤ ብርድ ነው።

ዋቲ

ስትሮምነስ
ጃንዋሪ 7 ቀን 2015

አንቺ ጉደኛ!

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጊዜ በመነጽር፤ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። አልተሳሳትኩም።

ከሰዓት በኋላ አልኩሽ፤ ጠዋት በአራት ሰዓት ሄድሽ። ቤቷ ውስጥ ከአንቺ በፊት የረገጠ ሰው ነበር? አልነበረም። ባሏ ዴቪ ከሞተ ወዲህ በዚያ ሰዓት ማን ይመጣላታል! አንቺ የስኮትላንድ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ምን አስተማረችሽ? ከመንፈቀ ሌሊቱ ደወል በኋላ ደጃፉን መጀመሪያ የሚረግጠው ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ እንደሚገባ ሕፃን ያውቀዋል። ረጅም፣ ፀጉሩ ጥቁር የሆነ ወንድ መሆን አለበት፤ በእጁ ከሰል፣ ኬክ፣ ጨውና ውስኪ ይዞ። እንዲህ ያለው እግረ ርጥብ ነው። ሴት ከሆነች ያሰጋል። ባዶ እጇን የመጣች ሴት ከሆነች የባሰ ያሰጋል። ቀይ ፀጉር ያላት ከሆነች ደግሞ የድሮ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን አጥፈው ወደ አልጋቸው ይመለሱ ነበር።

አንቺስ? ሴት፤ ባዶ እጅ፤ ቀይ ፀጉር! ያ ጥቁር ራስሽ የት ሄደ? ምድጃዬ ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?

ይህም አልበቃ። ሰው ሁሉ ዕዳውን አሮጌው ዓመት ሳይወጣ ዘግቶ፣ አመዱን ጠርጎ በሚጠብቅበት ቀን፣ ደጃፏ ላይ ቆመሽ፣ ወረቀት በእጅሽ ዘርግተሽ «ወይዘሮ ፒትሪ፣ ባለዕዳ ነኝ» አልሻት። ቆመሽ ንገሪያት ያልኩሽ እኔው ነኝ፤ ይህን ሳስታውስ ራሴን ከጓዳ በር ጋር አላተምኩት።

እሷ ክፉ ገድሽን ለመመለስ ጨው አንስታ እሳቱ ላይ በተነች፤ ቀጥሎም «ስለመጣሽ በጣም አመሰግናለሁ፣ ልጄ፤ መልካም አዲስ ዓመት» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችብሽ። በጨዋ ቃል! በአንድ ሐረግ ጨርሳሻለች።

ሰው ሁሉ ስለ ዕዳው ሲመልስሽ ከርሞ፣ አሁን ስለ ፀጉርሽ ተመለስሽ። ጄሲ ብትኖር ሳቋ አያቆምም ነበር።

አሁን ግን ስሚኝ። ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ፤ ሚናም ዘንድ እንዳትመለሺ። እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ድረስ አንድም ነገር አታድርጊ። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም። ፀጉርሽ እንዴት እንደቀላ ግን ጻፊልኝ፤ ይህን ሳላውቅ ልሞት አልፈልግም።

አጎትሽ

አርብሮዝ
ጃንዋሪ 10 ቀን 2015

ውድ አጎቴ፣

ይቅርታ። እውነትህን ነው፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ እግሬ በራሱ ሄደ። ወጉንም ረስቼው አልነበረም። ግን ሰው ለሁለት ወር በር ሲዘጋበት ከኖረ፣ የሚያስበው ስለሚዘጋው በር ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ረገጠ፣ ማን ዘገየ የሚለው ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር።

ስለ ፀጉሬ ጠይቀኸኛል። ቀለም በሚስተር ሙንሮ በጀት ውስጥ የለም። ስምምነቱን ስፈርም ወጪዬን አንድ በአንድ ጻፍን፤ ዳቦ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ የኤፊ ጫማ። የፀጉር ቀለም ጋ ስደርስ እሱ ሰርዢ አላለኝም፤ እኔው ራሴ ሰረዝኩት። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቀላሁ መጣሁ። መጀመሪያ አፍሬበት ነበር። አሁን ሳየው የልጅነቴ መሰለኝ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጥቷል፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ደንዲ ከተማ አንድ ክፍል ይዘውልናል። ለኤፊ እስካሁን አልነገርኳትም።

ምን ልታደርግ ነው? እባክህ ባሕሩ በዚህ ወር አይታመንም፤ እንዳትመጣ።

ኢሽቤል

ስትሮምነስ
ጃንዋሪ 17 ቀን 2015

የኔ ልጅ ኢሽቤል፣

«እንዳትመጣ» የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰው ከቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ደጃፌ ሥር ተኝቶ ጠበቀኝ። ድመቷ ተቀምጣበት ነበር።

በሰላም ገብቻለሁ። ጄሲን ከቀበርኩ ወዲህ ያንን ባሕር ተሻግሬ አላውቅም ነበር፤ ሌላ ሰው በሚነዳው መርከብ ላይ መቀመጥ ደግሞ ለሞተር ሠራተኛ ውርደት ነው። አሁን ስመለስ ግን ያን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኘሁትም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳላስታውቅ ደጅሽ ላይ ቆሜ ስታዪኝ ለምን እንደጮህሽ አሁን ይገባኛል። ባቡሩ ውስጥ ያለው መስተዋት ትንሽ ነበር። ነጭ ራሴን የቀባሁት ጥቁር የጫማ ቀለም እስከዚህ ድረስ ቅንድብ ላይ እንደሚወርድ አላወቅኩም። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ወይ አለቀሰች ወይ ሳቀች፤ ጆሮዬ ስለማይሰማ መለየት አልቻልኩም።

ሐሳቡ ግን ጥሩ ነበር፤ ካድሽኝ እጣላሻለሁ። ካንዱ አሮጌ መጽሐፌ ላይ አንብቤዋለሁ፤ የዛሬ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ መንግሥት የቀን መቁጠሪያውን ሲቀይር አሥራ አንድ ቀን ከሕዝቡ ሰርቋል። የፎውላ ደሴት ሰዎች ግን እጅ አልሰጡም፤ በኋላ አንድ ቀን ተጨምሮበት ዛሬም አዲስ ዓመታቸው ጃንዋሪ አሥራ ሦስት ነው። ስለዚህ በእነሱ አቆጣጠር አንቺ ሚና ዘንድ የሄድሽው በአሮጌው ዓመት ነው! የቆጠረሽ የለም! አዲሱን ዓመት የምረግጠው እኔ ነኝ፤ ከሰሉን፣ ጨውን፣ ውስኪውን፣ ጥቁሩን ኬክ ይዤ። በወጣትነቴ የዚያ መንገድ ቤቶች ሁሉ አዲስ ዓመታቸውን በኔ እግር ነበር የሚያስጀምሩት፤ ራሴ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነበረ። የሚና አባት በየዓመቱ አንድ ሽልንግ ይሰጠኝ ነበር። ሚና ደግሞ ሌላ ጥቁር ራስ መረጠች፤ ዴቪ ፒትሪን። እሱን አልነቀፍኩም፤ መደነስ ይችል ነበር።

ያልቆጠርኩት ዝናቡን ነው።

አንቺን አስከትዬ ደጇ ደርሼ፣ ሚና በሩን ስትከፍት ያየሁት የመጨረሻው ጥሩ ነገር ፊቷ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «ዋቲ ፍሌት» ስትል ከንፈሯን አነበብኩ፤ «ራስህ እየፈሰሰ ነው።» እኔም ስለ ፎውላ ሰዎች መጮህ ጀመርኩ፤ ውስኪውን ዘረጋሁላት፤ ከሰሉ ወደቀብኝ። እሷ የበሩን መቃን ይዛ ጎንበስ ብላ ስትንቀጠቀጥ፣ ገደልኳት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀች ነው። ከዚያ ጆሮዬን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝና ራሴን ቧንቧ ሥር ከተተችው።

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህን ነው። ራሴ ቧንቧው ሥር ሳለ ከኋላዬ እናንተ ሁለታችሁ ስታወሩ ነበር። ቀና ስል ሚና ዓይኗን በመጎናጸፊያዋ እየጠረገች ነበር፤ አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሻል፤ ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ፎጣ ወረወራችሁብኝ። ጣቢያው ላይም ስጠይቅሽ «እጽፍልሃለሁ» ብቻ ነው ያልሽኝ። ጆሮ የሌለው ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም። ምን አለችሽ?

ዋቲ
(አንገቴ እስካሁን ጥቁር ነው።)

አርብሮዝ
ጃንዋሪ 24 ቀን 2015

ውድ አጎቴ ዋቲ፣

ጣቢያው ላይ ያልነገርኩህ፣ ጮክ ብዬ መናገር ስለነበረብኝና ጮክ ብዬ ከተናገርኩት እንዳይሰበር ስለፈራሁ ነው። አሁን ተፈርሟል፤ ልጽፍልህ እችላለሁ።

አንተ ቧንቧ ሥር ሆነህ ስለ ፎውላ ስትጮህ፣ ወይዘሮ ፒትሪ ወደ እኔ ዞረው «ይህ ሽማግሌ እብድ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

«ጥቁር ሆኖ ሊያታልለኝ መጣ። ለመሆኑ አንቺ ስትመጪ ለምን አልተቀባሽም? ቀይ ፀጉር በዚያ ቀን ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም?»

«ለቀለም የሚሆን የለኝም፤ በበጀቴ ውስጥ አልገባም» አልኳቸው።

ፀጉሬን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «ወረቀቱ የታለ?» አሉ። አወጣሁላቸው። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ይህ ሙንሮ የሚባለው በየወሩ ይቆጣጠርሻል?» «አዎ።» «ስንት ዓመት ቀረሽ?» «ወደ ሦስት።»

«ሦስት ተከራይ አስገብቻለሁ» አሉ፤ «ወረቀታቸው ነጭ፣ ንግግራቸው ማር። አንዳቸውም ስለ ራሳቸው መጥፎ ነገር ነግረውኝ አያውቁም። አንቺ ግን ስምሽን ሳትነግሪኝ ነው ዕዳሽን የነገርሽኝ። በሩን ከዘጋሁብሽ ጀምሮ ስበሳጭ ነበር። የተበሳጨሁት በአንቺ አይደለም፤ ጨዋ ቃል ተናግሬ በመሸኘቴ ነው።» ዓይናቸውን የጠረጉት ያን ጊዜ ነው። ከሳቁ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ስሚ አንቺ ቀይ ቀበሮ፤ ደረጃውን በየሳምንቱ ታጥቢያለሽ፤ ልጅሽ ደረጃ ላይ ብትሮጥ ጆሮዋን እቆርጣለሁ፤ በአዲስ ዓመት ቀን ደግሞ ጥቁር ራስ ያለው ወንድ እኔ ዘንድ ሳይገባ ከላይ እንዳትወርጂ። ይህን ውል ላይ ጻፊው።»

አጎቴ፣ ሰደቡኝ! ቀይ ቀበሮ አሉኝ! ግድግዳውን የተደገፍኩት ለዚህ ነው።

የስድስት ወር ቅድሚያ አልጠየቁም፤ ዋስም አልጠየቁም። «ዋሷ ቧንቧ ሥር ነው» አሉ። ሚስተር ሙንሮ አድራሻውን መዘገበ፤ ስለ ጠፋው መጋረጃ ስነግረው የራሱን አሮጌ መጋረጃ አመጣልኝ። ዛሬ ገባን። ኤፊ አሻንጉሊቶቿን ከካርቶን ስታወጣ «ልምምዱ አለቀ» አለቻቸው። ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፤ ከታች የስድብ ድምፅ ሰማን፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አሁን የኔ ጥያቄ። ያመጣኸውን ጥቁር ኬክ ቆርሼ ቀመስኩ። አንተ እንቁላል መቀቀል አትችልም። ያን ያህል ቁንዶ በርበሬ ኬክ ውስጥ የሚጨምር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሷም እናቴ ናት። ማን ነገራት?

ኢሽቤል

ስትሮምነስ
ጃንዋሪ 29 ቀን 2015

ለቀይ ቀበሮ፣

እንኳን ገባችሁ። ቤቱ የሰላም ይሁን፤ ደረጃውም አይጥበባችሁ።

በአምላክ ስም እምላለሁ፣ እኔ አልነገርኳትም። እሷ ናት የነገረችኝ፤ የዛሬ ዓመት ገደማ። «ኢሽቤል ቀለም መቀባት አቆመች፤ ልጄ ገንዘብ አጥሯታል» ብላ ጻፈችልኝ፤ ከዚያ ለሁሉ ክፍት የሆነውን መዝገብ ራሷ አየችው። «እንዳወቅኩ እንዳትነግራት፤ ስትፈልግ ትነግረኛለች» ብላ አስማለችኝ። አንቺ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስማልሽኝ። ሁለታችሁ መሐል ሆኜ እንደ ተዘጋ ጣሳ ከረምኩ። ኬኩን ስትልክልኝ «ከየት እንደመጣ አትንገራት» አለችኝ። አልነገርኩሽም። ኬኩ ነው የተናገረው።

አንድ ነገር ግን ይቅር አልላትም። ዛሬ ደብዳቤዋን ፈልጌ አወጣሁት፤ ቀለሙን እንዳቆምሽ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ስለ ገንዘቡ ብቻ አንብቤ ቀሪውን ዘለልኩት! ስለዚህ ይቅር የማልለው ራሴን ነው፤ ግን ስታዪያት የሷ ጥፋት አስመስለሽ ንገሪያት።

ሂጂና እዪያት። ቆመሽ ንገሪያት። ሻዩን ለማዘግየት ሞክሪ፤ አይሳካልሽም።

ዋቲ

አርብሮዝ
ጃንዋሪ 1 ቀን 2016

ውድ አጎቴ ዋቲ፣

እንኳን አደረሰህ። እናቴ ከጎኔ ሆና ሰላም በይልኝ ትላለች፤ ኤፊ «የኔን ግማሽ ሰላምታ ለድመቷ» ትላለች። የሰላምታ ድርሻዬን ከኤፊ ላይ የወሰድኩት ባለፈው ፀደይ ነው፤ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ይቅርታ።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን አሁኑኑ ካልጻፍኩልህ እፈነዳለሁ።

በውሌ መሠረት ጥቁር ራስ ያለው ወንድ እስኪመጣ ከላይ ሳልወርድ ተቀመጥኩ። ዓሣ ሻጩ ሳንዲ እንዲመጣ ተነግሮት ነበር። በመስኮት አየሁት፤ ከሰሉን ይዞ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ወይዘሮ ፒትሪ ግን በሩን አልከፈቱም። በመስኮት ብቅ ብለው «ከሰሉን እዚያ አስቀምጥና ከሰዓት በኋላ ተመለስ» አሉት። ከዚያ የደረጃውን ብረት በማንኪያ ቀጠቀጡ።

«አንቺ ቀበሮ! ነቅተሻል?»

«ነቅቻለሁ፤ እየጠበቅኩ ነው» አልኩ።

«ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ» አሉ ከታች። «ዕድሜ ልኬን ጥቁር ራስ ሲረግጥልኝ ነው የኖረው። በጥቁር ራስ ዓመት ዴቪ ሞተብኝ። በጥቁር ራስ ዓመት ጣሪያው ወደቀ። እነዚያ ሌቦች የገቡት በጥቁር ራስ ዓመት ነው። አንቺ በረገጥሽበት ዓመት ግን ዳሌዬን አክመው አቆሙኝ፤ ጠፍቶ የነበረው ድመቴ ተመለሰ፤ ኒውዚላንድ ያለው ልጄ ሳልለምነው ደወለ፤ ቤቴ ውስጥ የሚረብሽ ልጅ አለ። ታዲያ ምን አተረፍኩ ከጥቁሩ?»

«ጃንዋሪ አሥራ ሦስት ላይ አጎቴ ረግጦ ነበር እኮ» አልኳቸው፤ ላንተ ብዬ።

«እሱ እቤቴ ሲገባ ቀለሙ ፈሶ ነጭ ነበር» አሉ። «ነገሩን አታርዝሚብኝ። በጓሮው በር ውጪና ዞረሽ በፊት በር ነይ። ምንም አትያዢ። አይ፣ ቆይ፤ ያንን ወረቀት ያዢ፤ ያን ጊዜ የያዝሽውን የዕዳውን። የሠራ ነገር አይለወጥም።»

በጓሮ ወጣሁ። ውርጭ ነበር፤ ካልሲ አድርጌያለሁ። የሚስተር ሙንሮን ወረቀት ይዤ፣ ቀይ ፀጉሬን ሳልሸፍን፣ ባዶ እጄን፣ የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ፣ ማን እንደሆነ እያወቁ።

«ኢሽቤል ነኝ። ባለዕዳ ነኝ። ወደ ሁለት ዓመት ይቀረኛል።»

በሩ ተከፈተ።

«ግቢ» አሉ፤ «ሻዩ ተቀድቷል።»

ኢሽቤል